ሉሕሽን ማን አጠበው?

ባምባሲ፣ ኅዳር 12 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለአማል ደባልቄ፣ ጅማ

አሰላሙ ዓለይኩም። አሏህ ባለሽበት በደህና ያቆይሽ፤ ከክፉ ዓይንና ከቀላል ጓደኛ ይጠብቅሽ። ጤናዬን አልጠየቅሽኝም እንጂ እኔ ደህና ነኝ። ዝናቡ ሲቆም ጉልበቴ ይሻለኛል ብዬ ነበር። ዝናቡ ቆሟል፤ ጉልበቴ ግን ገና አልሰማም።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሰላምታውን አንብቤ ወሬው አሁን ይመጣል ስል አለቀብኝ። መጨረሻ ላይ «በሶ ይላክልኝ» ትያለሽ። በሶውን ለሾፌሩ ለታረቀኝ ሰጥቼዋለሁ፤ ነቀምት ላይ ለጅማው መኪና ያስረክብልኛል። አሁን ደግሞ እኔ የምጠይቅሽን አንቺ መልሺ።

በመጀመሪያ ግን አባትሽ ያለውን ስሚ። ደባልቄ የአክስቴ ልጅ ባይሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ተቆራርጠን ነበር። ኮሌጅ እንድትሄጂ በስንት ልመና እንዳስፈቀድኩሽ ታውቂያለሽ። ክልል ከሆንን ወዲህ ከአሶሳ እስከ ባምባሲ ያለው የቢሮ ሰሌዳ ሁሉ አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ግን አስተማሪ የለም፤ ከሩቅ አገር የሚላከውም አንድ ክረምት ሳያይ ዝውውር ይጠይቃል፤ ከኛው መንደር አንዲት አስተማሪ ብትወጣ ምን ይጎዳናል ብዬው ነው እሺ ያለኝ። ትናንት ገበያ ላይ አገኘሁት። «ትልቋ ካለፈች ትንሿንም አሶሳ ልኬ ዘጠነኛ አስገባታለሁ። ትልቋ ወድቃ ከተመለሰች ግን ሰዕዲያም ስምንተኛን ጨርሳ ቤቷ ትቀመጣለች። ሁለት ጊዜ አልታለልም» አለኝ። አታላይዋ እኔ መሆኔ ነው። ስለዚህ የምታጠኚው ለራስሽ ብቻ አይደለም፤ እኅትሽ በአንቺ ውጤት ላይ ተንጠልጥላለች።

እንዴት ነው የምታጠኚው? የት ትቀመጫለሽ? ከትምህርት እንደወጣሽ ታነቢዋለሽ ወይስ ለፈተና ታጠራቅሚዋለሽ? ያልገባሽን ማንን ትጠይቂያለሽ?

ሼኽ ሐምዳን ኸልዋ ቁርአን ስትቀሪ የነበረውን አትርሺ። የዕለቱን በከሰል ቀለም እንጨቱ ሉሕ ላይ ትጽፊያለሽ፤ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ እስኪዋሐድሽ ትቀሪዋለሽ፤ ሲዋሐድሽ ሉሑ በውሃ ይታጠብና አዲስ ይጻፋል። ሳይታጠብ አዲስ የለም። ከዚያ የተሻለ የጥናት መንገድ እስከ ዛሬ አላየሁም። እኔም በስተርጅና ፊደል የያዝኩት በዚያው ነው።

መልስሽ ከበሶው ይርዘም።

ያባትሽ የአክስት ልጅ፣ ዘመናይ


ጅማ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ዘመናይ፣ ባምባሲ

ሰላምታዬ ከጅማ ዝናብ የበዛ ሆኖ ባሉበት ይድረስዎ። አሏህ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ ጉልበትዎንም ያጽናልኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም። አባዬን፣ ሰዕዲያን፣ ሼኽ ሐምዳንን፣ የጓሮ ጎረቤቶቻችንንም ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ።

በሶው ደርሶኛል፤ የክፍሉ ልጆች ሁሉ አመስግነውዎታል። ስድስት ሆነን በአንድ ዶርም እንኖራለን። ከአልጋዬ በላይ የምትተኛው ደራርቱ ትባላለች፤ ከጊምቢ ነው የመጣችው። ሳቂታ ናት፤ ግን ምላሷ አያድርስ ነው።

ስለ ጥናቴ ጠይቀውኛል። በመጀመሪያ ላይብረሪ እገባ ነበር። አንድ ቀን ገና አንዱን ገጽ ሳልጨርስ የላይብረሪው ኃላፊ መጡና ትከሻዬን ነካ አድርገው «እኅቴ፣ ለቅሶ ላይ ነሽ?» አሉኝ። ለካ ድምፄን ከፍ አድርጌ ወደፊትና ወደኋላ እየተወዛወዝኩ ነው የማነበው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ በዶርም ነው የማጠናው። እዚያም «ሬዲዮ» ብለው ስም አውጥተውልኛል። ደራርቱ ከላይ ሆና «ሬዲዮዋን ቀንሱልኝ፣ ዜናው ትናንትም ተነግሯል» ትላለች።

እንደ ምክርዎ አደርጋለሁ። ሳልይዘው አዲስ አልጀምርም። ደብተር እንዳይልኩልኝ፤ ከቤት ያመጣሁት ገና አዲስ ነው፣ ይበቃኛል። ብርድ ልብስ ግን ቢገኝ ደስ ይለኛል፤ የዚህ አገር ብርድ የባምባሲን ሰው አይምርም። ፈተናው በጥር መጨረሻ ነው።

ታዛዥዎ አማል


ባምባሲ፣ ጥር 15 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለአማል

ሰላም ላንቺ ይሁን። አሏህ ልብሽን ይክፈትልሽ፤ የተከፈተውንም እንዳትዘጊው ይርዳሽ። ብርድ ልብሱ የኔው ነው። ሌላ ፈልጌ አጣሁ፤ ባምባሲ ሙቀት ነው እያልኩ ራሴን አሞኛለሁ።

ያልገባሽን ማንን ትጠይቂያለሽ ብዬሽ ነበር፤ አልመለስሽም። አጠራቅመሽ ነው ወይስ በየዕለቱ ነው የምታነቢው አልኩሽ፤ እሱንም ዘለልሽው። በምትኩ የጓሮ ጎረቤቶችን ሰላም ይበሉልኝ ትያለሽ። ብያለሁ። እነሱም ውጤቷስ ብለውኛል።

«ደብተር እንዳይልኩልኝ» የሚለው ከሁሉ አስገረመኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪ ደብተር አለቀብኝ ሲል ነው የምሰማው። የጎረቤቴ ልጅ አንዱን ደብተር በውስጡ ቀርቶ በሽፋኑ ላይ ሁሉ ጽፎበት ሌላ ይለምናል። አንቺ አራት ወር ኮሌጅ ተቀምጠሽ ደብተርሽ ገና አዲስ ነው። አስተማሪዎቹ አይናገሩም ወይስ አንቺ አትጽፊም?

እኔ በወረቀት ነገር የማልቀልደው ለምን እንደሆነ ሰምተሻል፤ ግን እንደ ተረት ነው የሰማሽው። በ77 ድርቅ መጠለያው ውስጥ ወረቀት አቀረቡልኝ። የስንዴ መሰለኝና ጣቴን ቀለም ነክሬ ጫንኩ። ለካ የሰፈራ ምዝገባ ነበር። እናቴ በሌላ በኩል ተሰልፋ ስንዴውን ስትጠብቅ እኔ መኪና ላይ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ አላየኋትም። እዚህ ስደርስ መሠረተ ትምህርት ተከፈተ፤ ሽማግሌው ሁሉ ሲያፍር እኔ ፊት ተቀመጥኩ። ደብተር አልበቃም ሲሉኝ ከሼኽ ሐምዳን ያረጀ ሉሕ ለምኜ ሀ ሁን በከሰል ጻፍኩበት። አንቺ ያኔ ልጅ ነበርሽ፤ አብረሽኝ ተቀምጠሽ ስታዳምጪኝ ነው የከረምሽው። ፊደል ቀደም ብዬ ብይዝ ኖሮ የት እንደምሆን እኔ ነኝ የማውቀው። አንቺ ሳይረፍድብሽ ተምረሽ ደብተርሽን ነጭ ማቆየትሽ አይገባኝም።

ሰዕዲያ ደህና ናት። የስምንተኛን ሚኒስትሪ በሰኔ ትፈተናለች። በሆዷ ተኝታ ሙዚቃ እየሰማች «እያጠናሁ ነው» ትለኛለች። እኔም ሙዚቃው ያልፍ ይሆናል እላታለሁ።

ውጤትሽን እጠብቃለሁ።

ዘመናይ


ባምባሲ፣ የካቲት 28 ቀን 1989 ዓ.ም.

አማል፣ ሰላም ነሽ? ካልሞትሽ ጻፊ። ታረቀኝ ከነቀምት በተመለሰ ቁጥር መኪናው ድረስ እሄዳለሁ፤ እኔን ሲያይ ገና ከሩቁ እጁን ያወዛውዛል፤ የለም ማለቱ ነው። የሌሎቹ ተማሪዎች ውጤት ደርሷል ሲሉ ሰማሁ። አባትሽ እስካሁን ምንም አልጠየቀኝም። ዝምታው ነው የሚያስፈራኝ።

ዘመናይ


ጅማ፣ መጋቢት 9 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለእትዬ ዘመናይ

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናዎን አሏህ ያብዛልኝ። ዛሬ ሰላምታ ላሳጥር፤ ካላሳጠርኩ እንደገና ዋናውን ሳልናገር ወረቀቱ ያልቅብኛል።

ዋርኒንግ ተሰጥቶኛል። በሁለተኛው ሰሚስተር ካላሻሻልኩ ያሰናብቱኛል። ሳላነብ ቀርቼ ቢሆን ኖሮ አላፍርም ነበር። እኔ ግን አጥንቻለሁ። ሁሉንም ይዤዋለሁ። አሁን እንኳ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሪ ቢሉኝ ሳልሳሳት እወጣዋለሁ።

ስለ ደብተሩ የጠየቁኝን ደራርቱ ናት ያወቀችው። አንድ ቀን ከክፍል ቀርታ ነበርና የኔን ልትገለብጥ ደብተሬን ከፈተች። ባዶ ነው። ቀጣዩን ገለጠች፤ ባዶ ነው። «አንቺ ልጅ፣ ሌክቸሩን በውሃ ነው የምትጽፊው?» አለችኝ። በእርሳስ ነበር የምጽፈው፤ ስይዘው በላጲስ አጠፋዋለሁ፤ በዚያው ገጽ ላይ አዲሱን እጽፋለሁ። ሳይታጠብ አዲስ የለም ብለው ስለጻፉልኝ ብቻ አይደለም። ከልጅነቴ ጀምሮ የያዝኩት ነገር ሳይታጠብ ሲቀር ያልከፈልኩት ብድር ያለብኝ ይመስለኛል። ሌላው ሰው እንዲህ እንደማያደርግ ያወቅሁት ደራርቱ ስትጮህብኝ ነው።

ፈተናው ላይ አንዱ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ክፍልሽ ውስጥ ካሉት ተማሪዎች ግማሹ የምታስተምሪበትን ቋንቋ በደንብ አይሰሙም። ምን ታደርጊያለሽ? ለምን?» እኔ የማስተማር ዘዴዎችን ትርጉም ከነዓይነታቸው አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ፤ አንድ ቃል አልጎደለም። አስተማሪው ከጎኑ በቀይ እንዲህ አሉ፦ «ይህን የተናገርኩት እኔ ነኝ። አንቺ ያሰብሽው የታለ?» እትዬ፣ እኔ እኮ እንደዚያ ዓይነት ክፍል ውስጥ ነው የተማርኩት። አጠገቤ ይቀመጡ የነበሩት የበርታ ልጆች አማርኛውን ሳይሰሙ ሲደበደቡ አይቻለሁ። መልሱን አውቀው ነበር። ግን ያወቅሁት ደብተር ላይ ስላልነበረ የሚጻፍ አልመሰለኝም።

አሁን የመጨረሻው ፈተና ከመጀመሪያው ሰሚስተር ጭምር ነው፤ የማነበው ነገር የለኝም። በቃሌ ያለው ብቻ ነው፤ እሱም መሃሉን ሲጠይቁኝ ይጠፋብኛል።

ለአባዬ እንዳይነግሩብኝ እለምንዎታለሁ። ለሰዕዲያ ስል ነው።

አማል


ባምባሲ፣ መጋቢት 17 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለአማል

ሰላም ብያለሁ፤ ከልቤ ግን አይደለም። ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ሉሑን ማን ፈጠረው ብዬ ተናደድኩ። ከዚያ በንዴቴ ተነሥቼ ሼኽ ሐምዳን ዘንድ ሄድኩ። እንደምታውቂያቸው ናቸው፤ በርታኛው አማርኛቸው ውስጥ ይገባል፣ ሴቱንም ወንዱንም አንድ ያደርጉታል። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«እቺ አማል ሉሑን ራሱ አጠበ?» አሉኝ።

ራሷ ናት አልኳቸው።

«ማን ሰማው?»

ማንም አልሰማትም፤ ብቻዋን ነው የምትቀራው አልኳቸው።

«ራሱ ይቀራል፣ ራሱ ይሰማል፣ ራሱ ያጥባል። ኸላስ፣ አለቀ። ሼኽ ምን ያደርጋል? እኔም ቤቴ ሄዶ እተኛለሁ።»

ይህን ብለው ከት ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። መንገድ ላይ ግን ነገሩ ገባኝና ከቅድሙ የበለጠ ተናደድኩ፤ ግማሹን ይዘሽ ግማሹን ጥለሽው ነው የሄድሽው። ኸልዋ ውስጥ የገዛ ሉሑን ያጠበ ልጅ አይተሽ ታውቂያለሽ? ሼኹ ፊት ትቀመጫለሽ። የያዝሽውን ትቀሪያለሽ። ከመሃል ያቋርጡሻል፤ ከዚህ በፊት ምን አለ ይሉሻል፤ ከዚህ በኋላስ ይሉሻል። ከተንገዳገድሽ «አይታጠብም» ብለው ይመልሱሻል። «እጠቢ» የሚለው ቃል የሚወጣው ከሰሚው እንጂ ከሚቀራው አይደለም። ሌላም አለ፦ ያንቺ ሉሕ ሲታጠብ ዋናው መጽሐፍ፣ ኪታቡ፣ ሼኹ ጉያ ውስጥ ነው፤ የትም አይሄድም። አንቺ ግን ኪታቡንም ሉሑንም አንድ ላይ አጠብሽው።

እኔ ፊደል ስቆጥር ሰሚዬ ማን እንደነበረ ረሳሽው? አንቺ ነበርሽ። ጥርስሽ የወለቀ ልጅ ሆነሽ ከፊቴ ትቀመጪ ነበር። በተራው ሳነብልሽ «አይሆንም እትዬ፣ ከመሃል» ብለሽ ጣትሽን የፈለግሽበት ፊደል ላይ ትጥያለሽ። ስሳሳት «አይታጠብም» ትይኛለሽ። በስንት አዋቂ ፊት ያላፈርኩ ሴት በአንቺ ፊት አፍሬአለሁ። ያበሳጨሽኝን ያህል ፊደሉን የያዝኩት በአንቺ ነው።

ስለዚህ አሁን የምልሽን አድርጊ። ከደራርቱ ደብተር ሁሉንም ገልብጪ፤ በእርሳስ ሳይሆን በእስክሪብቶ። አራት ደብተር ልኬአለሁ፤ በቃኝ እንዳትዪኝ። የዕለቱን ትምህርት በዕለቱ፣ ገና ጆሮሽ ውስጥ ትኩስ ሳለ አንብቢው። ከዚያ ደብተሩን ዘግተሽ ለደራርቱ በራስሽ ቃል ንገሪያት፤ ያስተማሪውን ቃል ካልሽ ታቁምሽ። ከመሃል ትጠይቅሽ። «ለምን» ትበልሽ። የሰው ምሳሌ ሳይሆን የባምባሲ ምሳሌ አምጪላት። እሷ እጠቢ ሳትልሽ ወደ ሌላ እንዳትሄጂ። እሷም ምላሷ አያድርስ ነው ብለሽኛል፤ ለዚህ ነው የተፈጠረው።

ለአባትሽ አልዋሽም። የማላውቀውን ወረቀት ያቀረቡልኝ ሰዎች ምን እንዳደረጉኝ ነግሬሻለሁ፤ እኔ ያንን ለሌላ አላደርግም። እስኪጠይቀኝ ግን ዝም እላለሁ። ይጠይቃል።

ዘመናይ


ጅማ፣ ግንቦት 2 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለእትዬ ዘመናይ

ሰላምታዬ በአክብሮት ይድረስዎ። አሏህ ንዴትዎን ያብርድልኝ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አያጥፋው፤ ያስፈልገኛል።

ደብተሮቹ ደርሰዋል። እየገለበጥኩ ሳለ ጣቴ አበጠ። ደራርቱን ሰሚ ሁኚኝ ስላት መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ነገሩ ጣማት። ከወጥ ቤቱ ጀርባ አቮካዶ ዛፍ አለ፤ እዚያ ብንጮህም የሚከለክለን የለም። ከሰዓት በኋላ ከክፍል እንደወጣን እንቀመጣለን። አፌን ስከፍት ገና «ይሄ የሌክቸረሩ ድምፅ ነው፤ ያንቺን አምጪ» ትለኛለች። ስሳሳት በኦሮምኛ «ኢራ ደቢ» ትላለች፤ ድገሚው ማለት ነው። እትዬ፣ እርስዎ ያዘዟት ይመስል ሳትምረኝ ከረመች። አንድ ቀን በአንድ ርዕስ ላይ እስኪመሽ አቁማኝ አለቀስኩ። «አልቅሺ፤ ስትጨርሺ ለምን እንደሆነ ትነግሪኛለሽ» አለችኝ።

እኔም የሷ ሰሚ ሆኛለሁ። እሷ ደግሞ ሰሚስተሩን ሙሉ ስትስቅ ከርማ ፈተና ሲደርስ ነው የምትቸክለው፤ ከፈተናው ስትወጣ ምንም አይቀራትም። በመጀመሪያው ሰሚስተር ያዳናት ዕድል ነው ብያታለሁ። አሁን የዕለቱን በዕለቱ ካልነገረችኝ እራት አላስበላትም። «ይህን ሕግ እናትሽ ናት የላከችልሽ?» ትለኛለች። አዎ እላታለሁ፤ እርስዎን ማለቴ ነው።

ባለፈው ወር በተሰጠን ፈተና ላይ «ለምን» የሚል ጥያቄ መጣ። የባምባሲን ክፍል ጻፍኩ፤ አጠገቤ የነበሩትን ልጆችና አማርኛውን የሚሰማ ልጅ ከማይሰማው ጋር ተቀምጦ እንዴት ሰሚ እንደሚሆንለት አስረዳሁ። አስተማሪው በቀይ የጻፉት አንድ ቃል ነው፦ «ቀጥዪ»።

ገና አላለፍኩም። ዋናው ፈተና በሰኔ መጨረሻ ነው። ሰዕዲያስ ሰሚ አላት? ሚኒስትሪውን በሆዷ ተኝታ አታልፈውም ይበሏት። ምንም አይላክልኝ፤ ወሬ ብቻ።

አማል


ባምባሲ፣ ሰኔ 5 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለአማል

ሰላም ለአንቺና ለዚያች ለደራርቱ። አሏህ ምላሷን ይባርክ።

ወሬ ብቻ ካልሽ ወሬ ልንገርሽ። ታረቀኝ ምላሱ ከመኪናው ይፈጥናል። ነቀምት መናኸሪያ ላይ ካንዱ ተማሪ ሰምቶ ለአባትሽ አደረሰለት። ደባልቄ ደጄ ላይ ቆመ፤ ግባ ስለው አልገባም።

«ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል አሉ።»

«ተሰጥቷታል» አልኩት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅኸኝም። ስንገናኝ ስለ ማሽላ ነው የምትጠይቀኝ።»

«እንግዲያው ነገሩ አለቀ። ሰዕዲያ ከፈተናው በኋላ ቤቷ ትቀመጣለች።»

አማል፣ ያኔ የተናገርኩት ከየት እንደመጣ አላውቅም። ፍረድ፣ ግን ሰምተህ ፍረድ አልኩት። ሁለት ሴት ልጆች አስተምረሃል፤ አንዷንም አንድ ቀን ተቀምጠህ ስታነብ አልሰማሃትም፤ በሬ ስትገዛ እንኳ ጥርሱን ታያለህ አልኩት። ማንበብ መቼ እችላለሁ አለኝ። ጆሮ አለህ አይደል፣ ሼኽ ሐምዳንስ ዓይናቸውን ጨፍነው አይደል የሚሰሙት አልኩት። አንተም በልጅነትህ ሉሕ ይዘሃል፤ የተንገዳገደ ልጅ ድምፁ እንዴት እንደሚሆን ታውቃለህ አልኩት። ፊቱን አዙሮ ሄደ።

በማግሥቱ ከማሳ ሲመለስ መጣና ማንጎው ሥር ተቀመጠ። «ጥሪያት» አለኝ። ሰዕዲያ ደብተሯን ዘግታ ስለ ወባ ነገረችው፤ ትንኟ ባቆረ ውሃ ውስጥ እንደምትራባ፣ ዝናብ ሲበዛ ወባ እንደሚበዛ። እሱም «ታዲያ አንቺ ወንዙ በደረቀበት በበጋው ለምን ታመምሽ?» አላት። ደብተሯን ልትከፍት እጇን ሰደደች። ለካ እኔም አላውቀውም። ደባልቄ ተነሥቶ ልብሱን አራገፈና ምን አለ መሰለሽ?

«አይታጠብም።»

ልጅቷ በነጋታው አስተማሪዋን ጠይቃ መጣች። ወንዙ ሲደርቅ በየጉድጓዱ የቀረችው ጥቂት ውሃ ናት አሉ፤ የማይፈስ ውሃ ነው ለትንኟ የሚመቻት። አባትሽ ይህን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ፤ ከወንዙ ዳር ያለውን ማሳውን እያሰበ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልቀረም። ያንን ሰው በስንት ልመና ነው ያስቀመጥኩት፤ አሁን የሚያስነሣው አጣሁ። ከመሃል ይጠይቃታል። ባለፈው ሳምንት የያዘችውን ድንገት ዛሬ ያነሣባታል። ትናንት ሰዕዲያ መጥታ «እትዬ፣ ገበያ ልሂድ ብዬ ብለምነው እምቢ አለኝ፤ ሒሳቡን መጀመሪያ አስረጂኝ ይለኛል» ብላ አለቀሰችብኝ። ሙዚቃውን ዘግታዋለች፤ የምትሰማበት ጊዜ የላትም።

ስለ አሶሳው ግን አንድ ቃል አልወጣውም። ስጠይቀው ስለ ማሽላ ያወራልኛል። ሁለታችሁም እለፉና እንየው።

ዘመናይ


ጅማ፣ ሐምሌ 8 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለእትዬ ዘመናይ

አሰላሙ ዓለይኩም። አልፌአለሁ። ዋርኒንጉ ተነሥቶልኛል። ደራርቱም አልፋለች፤ ከኔ በልጣ ነው ያለፈችው፤ መቼም አትረሳልኝም። መኪና እንዳገኘሁ እመጣለሁ። ደብተሮቹን ሁሉ ይዣቸው ነው የምመጣው፤ እርስዎ ፊት ሳይከፈቱ ምንም አልበላም።

አማል


አሶሳ፣ መስከረም 25 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለአማል ደባልቄ፣ ጅማ

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ አዲሱን ዓመት አሏህ የጥናት ያድርግልሽ። ክረምቱን አብረን ስለከረምን እስከ ገና የምጽፈው አይኖረኝም ብዬ ነበር። ከላይ አሶሳ የሚለውን ስታዪ ተሳሳተች እንዳትዪ። አሶሳ ነኝ።

ሰዕዲያ ሚኒስትሪውን ማለፏን ሰምተሽ ነው የሄድሽው። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ምዝገባው ተጀመረ፤ አባትሽ ግን አይነሣም። ትልቋ ካለፈች ትንሿን እልካለሁ ያልከው የት ገባ ብዬ ጮህኩበት። «ቃሌን አልበላሁም» አለኝ። ታዲያ ምን ያስቀምጥሃል አልኩት። ማንጎው ሥር ያችን የለመዳትን ድንጋይ እያየ «አሶሳ ሄዳ ማን ይሰማታል?» አለኝ። ሰው ሁሉ ልጁ ባዕድ አገር ምን ትበላለች ብሎ ይጨነቃል፤ ይሄ ሰሚ ታጣለች ብሎ ነው። ወዲያው ራሱ መለሰው። «አንቺ ሂጂ» አለኝ። ያኔም ማንም ሳይጠይቀኝ ወደዚህ አገር ጫኑኝ፤ ዘንድሮም በዚህ ጉልበቴ ማንም ሳይጠይቀኝ አሶሳ ላኩኝ።

ትምህርት ቤቱ ስንደርስ ጸሐፊው የአሳዳጊ ወረቀት አወጣ። ስለ ወላጅና አሳዳጊ ግዴታ የሚል ነው። ቀና ብሎ አየኝና የቀለሙን ሳጥን ወደኔ ገፋው። «እናቴ፣ እዚህ ጋ ጣትዎን ያሳርፉልኝ» አለኝ፤ በትሕትና ነው ያለው።

ወረቀቱን ወሰድኩና መነጽሬን አደረግሁ። ማንበብ ጀመርኩ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ሰዕዲያ ልብሴን ሳበች። አልቸኮልኩም። የፊቱን ጨርሼ ጀርባውን ገለበጥኩት። ጸሐፊው «እናቴ፣ እሱ ለሁሉም አንድ ነው» አለኝ። ተራ ቁጥር አራት ላይ «አሳዳጊው ተማሪዋ በቤት ውስጥ በየዕለቱ ማጥናቷን ይከታተላል» ይላል። ይሄ እንዴት ነው የሚደረገው ብዬ ጠየቅሁት። «እሱ እኮ እንዲያው የተጻፈ ነው» አለኝ።

«ልጄ፣ እንዲያው የተጻፈ ነገር የለም» አልኩት።

ከዚያ እስክሪብቶውን ከእጁ ወስጄ ዘመናይ ይማም ብዬ ፈረምኩ። የቀለሙን ሳጥን መልሼ ወደሱ ገፋሁለት።

አንድ ክፍል ተከራይተናል። ሰዕዲያ ከትምህርት ስትመለስ እሰማታለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አባትሽ ከባምባሲ መጥቶ የሳምንቱን ይሰማል፤ ማንጎ ስለሌለ በር ላይ ይቀመጣል። እኔም ሥራ ፈትቼ ምን አደርጋለሁ ብዬ የማታ ትምህርት ተመዘገብኩ። አምስተኛ ክፍል ነኝ። ከኔ በስተቀር ሁሉም የፖሊስና የቢሮ ሰው ነው፤ ደብተር ሲያልቅባቸው ከኔ ይለምናሉ።

ትናንት የሳይንሱን ይዤ ሰዕዲያ ፊት ተቀመጥኩ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳልሳሳት ወጣሁት። ደስ ብሎኝ ደብተሬን ልከድን ስል መሃሉ ላይ ጣቷን ጣለችና «ለምን?» አለችኝ። ጠፋብኝ።

«አይታጠብም፣ እትዬ» አለችኝ።

ድምፁ ያንቺው ነው፤ ጥርስሽ ወልቆ ሳለ የነበረሽ። ተናደድኩ። ተነሥቼ በሩ ድረስ ሄድኩ። ተመልሼ ተቀመጥኩና ደግሜ ቀራሁት።

ዘመናይ